ጨርቁን የሚያኖረው ምንድን ነው? የደቡብ ምሥራቅ እስያ የሽመና ጥበብ ሲዳሰስ

በየዓመቱ ኦክቶበር 2 ቀን ኢንዶኔዥያ ባቲክ ለብሳ ትውላለች። ሚኒስትሩ፣ የባንክ ሠራተኛዋ፣ ተማሪው፣ ሁሉም ያጌጠ ሸሚዝና ቀሚሱን ለብሶ ይወጣል። ቀኑ የተመረጠው በ2009 ዩኔስኮ የአገሪቱን ባቲክ በማይዳሰስ የሰው ልጆች ቅርስነት የመዘገበበት ዕለት ስለሆነ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሆኖም በዚያ ቀን ጎዳናውን ከሚሞላው ልብስ ብዙው ሰም ነክቶት አያውቅም። ባቲክ እንዲመስል በፋብሪካ ማሽን የታተመ ጨርቅ ነው። በጃካርታው ታናህ አባንግ ገበያ ይህ ዓይነቱ ጨርቅ በጅምላ ይቸበቸባል፤ ዋጋውም አንዲት ሴት ወራት ሙሉ ተቀምጣ በእጇ ከምትሠራው ጋር አይወዳደርም።

ከምያንማር ሐይቆች እስከ ቲሞር ደሴት ድረስ ባለው ሰፊ ምድር የራሱ ሽመና የሌለው ሕዝብ ማግኘት ያስቸግራል። ሐር አለ፣ ጥጥ አለ፣ የአናናስ ቅጠል አለ፣ የሎተስ ግንድ ሳይቀር ክር ይወጣዋል። ስለ ውበታቸው ብዙ ተብሏል፤ ቤተ መዘክሮችም በእነዚህ ጨርቆች የተሞሉ ናቸው። ብዙም በአንድነት ያልተመረመረው ሌላ ጥያቄ ነው፤ አንዱ ሽመና ሲጠፋ ሌላው እስከ ዛሬ የኖረው በምን ምክንያት ነው? የመንግሥት ሽልማት ነው ያኖረው? ቱሪስቱ? ንግሥቲቱ? የዩኔስኮ ምስክር ወረቀት? ወይስ ሠርግና ለቅሶ?

ከባቲክ እንነሳ። ሠሪዋ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነጩን ጨርቅ ከፊቷ በእንጨት ላይ ትዘረጋለች። በአጠገቧ ምድጃ ላይ የቀለጠ ሰም አለ። በእጇ የያዘችው ቻንቲንግ የሚባል ትንሽ ዕቃ ነው፤ የቀርከሃ ወይም የእንጨት እጀታ፣ ጫፉ ላይ ከመዳብ የተሠራ ጽዋ፣ ከጽዋው ደግሞ እንደ ብዕር ጫፍ የቀጠነ አፍንጫ አለው። ሰሙን ትጨልፍና አፍንጫው እንዳይደፈን እፍ ብላበት መስመሩን ትስላለች። ሰሙ በጣም ከሞቀ ይፈስሳል፣ ከቀዘቀዘ ወደ ጨርቁ አይዘልቅም። የፊቱ ሲያልቅ ጨርቁን ገልብጣ ያንኑ መስመር ከጀርባ ትደግመዋለች። ከዚያ ጨርቁ ቀለም ውስጥ ይገባል፤ ሰም ያረፈበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሰሙ በፈላ ውሃ ይወገድና ለሚቀጥለው ቀለም ሥራው እንደገና ከሰም ይጀመራል። በመካከለኛው ጃቫ የሚወደደው ጥቁር ሰማያዊና ቡናማ የሚገኘው እንዲህ በመደጋገም ነው።

በዮግያካርታ ቤተ መንግሥት ማንም እንዳሻው የማይለብሳቸው ጌጦች ነበሩ። ፓራንግ የሚባለው ሰያፍ ጌጥ ለሱልጣኑና ለቤተሰቡ የተለየ ነበር። ያገሬው ሰው መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ማዕረግ ከጨርቁ ያነብ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የማሽኑ ፉክክርም የዛሬ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን የኔዘርላንድ ፋብሪካዎች ባቲክን በማሽን አስመስለው እየሠሩ ለጃቫ ገበያ ለመሸጥ ሞክረው ነበር። የጃቫ ሴቶች በጨርቁ ላይ የሚታየውን የተሰነጣጠቀ መስመር አልወደዱትም። ያገሩ ነጋዴዎችም በመቶ ዘመኑ አጋማሽ ከመዳብ የተሠራ ማኅተም አመጡ፤ በቻንቲንግ ወራት የሚፈጀው ሰም በማኅተሙ በቀናት ያልቅ ጀመር። ጃቫ ያልተቀበለችው የኔዘርላንድ ጨርቅ ምዕራብ አፍሪካ ገብቶ ተወደደ። ዛሬ ከአክራ እስከ ኪንሻሳ «ዋክስ» እየተባለ የሚለበሰው፣ ብዙ ሰው የአፍሪካ ብቻ አድርጎ የሚያየው ጨርቅ፣ ዘሩ የጃቫ ባቲክ ነው። የዛሬው ሁኔታ ከዚያኛው የሚለየው የመዳቡ ማኅተም ሥራውን አፈጠነው እንጂ ሰሙን አለመተዉ ነው፤ የሕትመት ማሽኑ ግን ባቲክን ባቲክ ያሰኘውን ሰም ጨርሶ አስቀርቶታል።

ትዕግሥትን በመፈተን ከባቲክም የሚብሰው ኢካት ነው። ባቲክ የሚጌጠው ጨርቁ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ነው፤ በኢካት ግን ጌጡ የሚያልቀው ሽመናው ሳይጀመር ነው። ሴትየዋ የድሩን ክር በፍሬም ላይ ትወጥራለች። ቀለም እንዲገባበት የማትፈልገውን ቦታ እየቆጠረች በዘንባባ ቅጠል ስንጣቂ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች። ክሩ እንዳለ ኢንዲጎ ውስጥ ይነከራል፣ ይደርቃል፣ ከእስሩ ጥቂቱ ይፈታል፣ ሌላ ይታሰራል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ቀዩ። በመጨረሻ ድሩ ሲዘረጋ ገና አንድ ማግ ሳይወረወር ፈረሱ፣ አዞው፣ ሰውየው ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ቀዩ ቀለም ለብቻው ትልቅ እውቀት ነው። የሚወጣው ከሞሪንዳ ዛፍ ሥር ሲሆን ጥጥ ግን በቀላሉ አይቀበለውም። ስለዚህ ክሩ መጀመሪያ ከቅባታማ ፍሬ በሚጨመቅ ዘይትና በአመድ ውሃ ይታሻል። ሞሪንዳው ሲመጣ ሲምፕሎኮስ የሚባል ዛፍ ቅጠል ወይም ልጥ ይቀላቀልበታል። ይህ ዛፍ አሉሚኒየምን ከአፈር እየሳበ በአካሉ የሚያከማች ነው፤ ቀለሙን ከክሩ ጋር አጥብቆ የሚያይዘውም ያ አሉሚኒየም ነው። የሱምባና የባሊ ሴቶች ይህን ያወቁት ከእናቶቻቸው እንጂ ከኬሚስትሪ መጽሐፍ አይደለም።

በምሥራቅ ባሊ ተንጋናን የምትባል መንደር ሥራውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋዋለች። እዚያ የሚሠራው ግሪንግሲንግ ድሩም ማጉም ከሽመናው በፊት እየታሰረ የሚቀለም ነው። ድርብ ኢካት ሥር ሰድዶ የኖረው በዓለም ላይ በሦስት አገሮች ብቻ ነው፤ በሕንድ፣ በጃፓንና በዚህች የኢንዶኔዥያ መንደር። ሸማኔዋ የሽመና ዕቃውን በወገቧ ታስራ፣ በሰውነቷ ክብደት ድሩን እየወጠረች ትሠራለች። ማግ በጣለች ቁጥር የማጉ ጌጥ ከድሩ ጌጥ ጋር እንዲገጥም በሹል ጫፍ ክር በክር እየነካካች ታስተካክላለች። ሰማያዊው ቀለም በልማድ ተንጋናን ውስጥ አይነከርም፤ ክሩ ቡግቡግ ወደምትባል ጎረቤት መንደር ይላካል። አንድ ጨርቅ ተጀምሮ እስኪያልቅ ዓመታት ያልፋሉ። ባሊዎች ይህ ጨርቅ ለባሹን ከበሽታና ከክፉ ነገር ይጠብቃል ብለው ያምናሉ፤ ለጥርስ ሙረዳ ሥርዓትና ለቤተ መቅደስ በዓላትም ይፈልጉታል።

ተንጋናን ከዓለም ተቆራርጣ የኖረች መንደር አልነበረችም። ከሕንድ ጉጅራት ይመጣ የነበረው ፓቶላ የተባለ ባለ ድርብ ኢካት ሐር በደሴቶቹ መሳፍንት ዘንድ እንደ ወርቅ ይከማች ነበር። የኔዘርላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያም በቅመማ ቅመም ይለዋውጠው ነበር። የፓቶላ ጌጥ ዛሬ ከባሊ እስከ ፍሎረስ ባሉ ጨርቆች ላይ በየአካባቢው መልክ ተለውጦ ይገኛል። «ባህል ማለት ያልተነካ ነገር ነው» የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያዩት ጥሩ ነው።

በእኛ አገር ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል፤ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ግን ሽመናው ራሱ በአብዛኛው የሴቶች ነው። በቦርኒዮ የኢባን ሕዝብ ዘንድ ይህ ትልቅ ክብር ያለው ሙያ ነበር። ፑዋ ኩምቡ የሚባለውን ታላቅ ጨርቅ ክር ለቀዩ ቀለም የማዘጋጀቱ ሥርዓት «የሴቶች ጦርነት» ይባል ነበር። ወንዱ በዘመቻ ስም እንደሚያወጣ ሁሉ ሴቲቱም ቀለም የሚያሲዘውን መድኃኒት መጥና፣ ክሩን ነክራ፣ ቀለሙ ሲይዝላት ማዕረግ ታገኝ ነበር። ታላላቆቹ ጌጦች በሕልም እንደሚሰጡ ይታመናል፤ ልምድ ሳይኖራት ከአቅሟ በላይ የሆነ ጌጥ የነካች ልጅ ትታመማለች ይባል ነበር።

ጌጥ በሕልም ይሰጣል የሚለው እምነት በፊሊፒንስም አለ። በሚንዳናዎ ደሴት፣ በሰቡ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት ትቦሊዎች ትናላክ የሚሉትን ጨርቅ የሚሠሩት ከአባካ ነው። አባካ፣ ሙዝና እንሰት የአንድ የእጽዋት ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ከአባካ ግንድ የሚወጣውም ቃጫ ነው። የደቡብ ኢትዮጵያ ሰው የአባካ ማሳ ቢያይ አገሩ የገባ ይመስለዋል። ቃጫው ተፍቆ፣ በጣት እየተለየ፣ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል። ቀለሙ ሦስት ነው፤ ጥቁር፣ ቀይና የቃጫው የራሱ ነጭ። ተሸምኖ ሲያልቅ በዛጎል እየታሸ እንዲያብረቀርቅ ይደረጋል።

የዚህ ሥራ እናት ላንግ ዱላይ ነበሩ። ከእናታቸው የተማሩት በ12 ዓመታቸው ሲሆን ወደ 100 የሚጠጉ ጌጦችን በወረቀት ሳይሆን በቃላቸው ይዘው ነበር። የፊሊፒንስ መንግሥት በ1998 ለአገር ሕያው ቅርሶች የሚሰጠውን ከፍተኛ ማዕረግ ሰጣቸው። በዚያው ዓመት ከባጎቦ ሕዝብ የሆኑት ሸማኔ ሳሊንታ ሞኖን ተመሳሳይ ክብር አግኝተዋል። ማዕረጉ በ1992 በወጣ ሕግ የተመሠረተ ነው፤ የወር ድጎማ አለው፣ በምላሹም ተሸላሚው ወጣቶችን የማስተማር ግዴታ ይገባል። በዚህ ዳሰሳ ከታዩት የመንግሥት እርምጃዎች መካከል ይህ ከሁሉ የላቀ ብልህነት ያለበት ነው፤ ገንዘቡን ለጨርቁ ሳይሆን ጨርቁን ለምታውቀው ሴት፣ ያውም ከማስተማር ጋር አስሮ ይሰጣልና። ላንግ ዱላይ በ2015 ሲያርፉ የተማሩ እጆች ትተው ነው የሄዱት።

ትናላክ ግን ያልተፈታ ውጥረት አለበት። በወጉ ጨርቁን መቁረጥ ነውር ነው፤ የቆረጠው ይታመማል ይባላል። ሲሸጥም መንፈሱን ለማባበል የነሐስ ቀለበት ይታሰርበት ነበር። ዛሬ ይኸው ጨርቅ ተቆራርጦ ቦርሳ፣ የገንዘብ መያዣና የጠረጴዛ ልብስ ሆኖ በየሱቁ ይሸጣል። የሰቡ ሐይቅ እናቶች ከዚህ ገቢ ልጅ ያስተምራሉ። ይህን ገቢ ከሩቅ ሆኖ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ ያላቀረበ ሰው ግን የመንቀፍ መብት የለውም።

ሽመናን ከምንም በላይ ያቆየው ምን እንደሆነ በግልጽ የምታሳየው የሱምባ ደሴት ናት። በምሥራቅ ሱምባ ወንዶች የሚደርቡት ሂንጊ የሚባል ትልቅ ኢካት አለ። ፈረስ፣ ዶሮ፣ አዞ፣ የድል ምልክት የነበረው የራስ ቅል ዛፍ፣ ከኔዘርላንዶች ዓርማ የተወሰደ አንበሳ ጭምር ተሸምኖበታል። ሠርግ ሲሆን የወንዱ ወገን ፈረስና የወርቅ ጌጥ ያመጣል፤ የሴቷ ወገን ጨርቅ ይሰጣል። የከበረ ሰው ሲሞት አስከሬኑ በብዙ ሂንጊ ተደራርቦ ይጠቀለላል፤ ጨርቁም አብሮ መቃብር ይገባል። የውጭ ሰብሳቢ ይህን ሲያይ ያዝናል፤ ይህን የመሰለ ሥራ አፈር ሊበላው! ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። የሚቀበረው በሌላ መተካት አለበት፤ ስለዚህ ሸማኔ ሥራ አትፈታም። ለቅሶው ገበያዋ ነው።

ከሱምባ በተቃራኒ የቆመችው በሱማትራ ደቡብ ጫፍ የምትገኘው ላምፑንግ ናት። ላምፑንጎች ታምፓንና ፓለፓይ የሚባሉ፣ መርከብ የተሸመነባቸው ጨርቆች ነበሯቸው። ፓለፓይ በመሳፍንት ቤት ግድግዳ ላይ በሠርግና በማዕረግ ቀን የሚዘረጋ ረጅም ጨርቅ ነው። ታምፓን ደግሞ አነስ ያለ ሲሆን ስጦታ ይሸፈንበት ነበር። ከልደት እስከ ሞት ያለው የሰው ጉዞ በመርከቡ ይመሰላል። ይህን ሁሉ ያቆመው በቁንዶ በርበሬ ንግድ የተገኘ ሀብት ነበር። ሀብቱ ቀነሰ፣ የማዕረግ ድግሱ አነሰ፤ በ1883 የፈነዳው ክራካታው የባሕር ዳርቻውን መንደሮች ጠረጋቸው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የመርከብ ጨርቅ የሚሸምን አልነበረም። ማንም አልከለከለውም፤ የሚፈልገው ቀን ስለጠፋ ብቻ ቀረ። ዛሬ ታምፓን የሚታየው በዓለም ታላላቅ ቤተ መዘክሮች መስታወት ውስጥ ነው።

የካምቦዲያው ጥፋት ግን በሰው እጅ የመጣ ነው። ከ1975 እስከ 1979 በገዛው የክመር ሩዥ ዘመን ሕዝቡ ወደ ግዳጅ እርሻ ሲነዳ፣ ሸማኔዎች ሲያልቁ፣ የሐር ትል የሚቀለብባቸው ዛፎችም ጠፉ። ኪኩዎ ሞሪሞቶ የተባሉ ከኪዮቶ የመጡ ጃፓናዊ የጨርቅ ቀለም ባለሙያ በ1995 ለዩኔስኮ ጥናት መንደሮቹን ሲዞሩ የድሮውን የሐር ኢካት የሚያውቁ ጥቂት አሮጊቶች አገኙ። በቀጣዩ ዓመት የክመር ባህላዊ ሽመና ተቋምን መሠረቱ፤ በኋላም ወደ ሲየም ሪያፕ አዛወሩት። ሞሪሞቶ ሥራውን የጀመሩት ከሽመና ዕቃው ሳይሆን ከአፈሩ ነበር። መሬት ገዝተው የትሉን መኖ ዛፍ፣ ኢንዲጎና ሌሎች የቀለም ዛፎችን ተከሉ፤ ቢጫውን የካምቦዲያ ትል መልሰው አራቡ፤ አሮጊቶቹን አስተማሪ፣ ወጣቶቹን ተማሪ አድርገው መንደር አቋቋሙ። በ2004 የሮሌክስ ሽልማት አገኙ፣ በ2017 አረፉ። ጨርቅ ከዛፉ፣ ከትሉና ከውሃው ተለይቶ እንደማይድን የእሳቸውን ያህል በተግባር ያሳየ ሰው በአካባቢው የለም ማለት ይቻላል።

ታይላንድ በሌላ መንገድ ሄዳለች። ጂም ቶምሰን የተባለ አሜሪካዊ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባንኮክ ቀርቶ በባን ክሩዋ ሰፈር ከነበሩ ሙስሊም የቻም ሸማኔዎች ጋር የሐር ንግድ ጀመረ። በ1951 ብሮድዌይ ላይ የወጣው «ንጉሡና እኔ» የተሰኘ ሙዚቃዊ ተውኔት ልብሶቹ በታይ ሐር ሲሠሩ ዓለም ሐሩን አወቀው። ቶምሰን በ1967 በማሌዥያ ካሜሮን ሃይላንድስ ወጥቶ ቀረ፤ እስከ ዛሬ ዱካው አልተገኘም። ንግሥት ሲሪኪት ደግሞ በ1970 ጎርፍ የመታውን ናኮን ፋኖም ሲጎበኙ ሊቀበሏቸው የወጡት ድሀ ገበሬዎች ሙድሚ የሚባል የሐር ኢካት ለብሰው አዩ። ሴቶቹ ለራሳቸው እንጂ ለሽያጭ አይሸምኑም ነበር። ንግሥቲቱ ግዢ ጀመሩ፤ በ1976 ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት አቋቋሙ፤ ራሳቸውም በአደባባይ ለበሱት። የታይ ሐር ዛሬ የፒኮክ ምልክት ይለጠፍበታል፤ ወርቃማው ፒኮክ ከአገሩ ዝርያ ትል የወጣና በእጅ የተሸመነ ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው። ገዢ ያለው፣ ዋጋውም የታወቀ ጨርቅ አይሞትም፤ ግን ገበያው የሚወደውን ቀለም ማስመረጡ፣ የመንደሩን ልዩነት ማደብዘዙ አልቀረም።

ላኦስ ለጥበብ ወዳጅ ሌላ ዓለም ናት። በሉዋንግ ፕራባንግና በሁዋፋን የሽመና ዕቃ ላይ ረጃጅም ክሮች እንደ መጋረጃ ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። በመካከላቸው የተጋደሙ ቀጫጭን ዘንጎች ወይም ክሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የጥበቡ አንድ መስመር ናቸው። ሸማኔዋ አንዱን ስትስብ ለዚያ መስመር የሚነሱት የድር ክሮች ተለይተው ይወጣሉ፤ የጥበቡን ማግ ታስገባና ዘንጉን ከላይ ወደ ታች ታሳልፈዋለች። መጋረጃው ተጠቅልሎ ሊቀመጥና ለሌላ ሸማኔ ሊሰጥ ይችላል። አንዲት ሴት የፈጠረችው የዘንዶ ጥበብ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ከ2000 ጀምሮ በሉዋንግ ፕራባንግ የሚሠራው ኦክ ፖፕ ቶክ የተባለ ድርጅት፣ ከእሱም አሥር ዓመት ቀድሞ በቪየንቲያን የተከፈተው ላኦ ቴክስታይልስ፣ ለሸማኔዎች ቋሚ ሥራ በመስጠት ይታወቃሉ።

የዩኔስኮ መዝገብስ? ከባቲክ ወዲህ ሶንግኬት የሚባለው የማሌዥያ ሽመና በ2021፣ የላኦስ የናጋ (ዘንዶ) ጥበብና የፊሊፒንስ የአናናስ ክር ሽመና በ2023፣ ክራማ የሚባለው የካምቦዲያ የአንገት ጨርቅ በ2024 ተመዝግበዋል። ታይስ የሚባለው የቲሞር ሌስቴ ሽመና በ2021 የገባው ግን አስቸኳይ ጥበቃ በሚያስፈልጋቸው ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ይህ ዝርዝር ከሌላው ይልቅ ቁም ነገር አለው፤ ሽመናው አደጋ ላይ መሆኑን ደፍሮ ይናገራልና። ምዝገባ ኩራት ይሰጣል፣ ፍላጎት ይጨምራል። ፍላጎቱን ማን እንደሚያሟላው ግን አይወስንም፤ በጃካርታ ገበያ ክፍተቱን ማሽኑ ሞላው። ፊሊፒንስ በ2004 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ የደንብ ልብስ ከአገር ውስጥ ቃጫ ከተሠራ ጨርቅ እንዲሆን ማዘዟ፣ ከምስክር ወረቀት ይልቅ ወደ ሸማኔዋ ደጅ የሚቀርብ እርምጃ ነው።

ሁሉም ሲጠቃለል የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ጨርቁን የሚፈልግ ቀን መኖሩና ለሸማኔዋ ጊዜ የሚከፈል ዋጋ መኖሩ። ሱምባ የመጀመሪያውን ይዛለች፣ ታይላንድ ሁለተኛውን፤ ተንጋናን ከሁለቱም አላት። ላምፑንግ ሁለቱንም አጣች።

ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ጃካርታ ለንግድም ሆነ ለጉብኝት የሚሄድ አንባቢ የራሱን ድርሻ ማዋጣት ይችላል። ባቲክ ተብሎ የቀረበልዎትን ጨርቅ ገልብጠው ይዩት፤ በእጅ የተሠራው ከጀርባውም እንደ ፊቱ ደማቅ ነው፣ የታተመው ይደበዝዛል። ኢካት ከሆነ የጌጡን ጠርዝ ያስተውሉ፤ ክር ከክር ጥቂት ስለሚንሸራተት ጠርዙ ለስለስ ይላል እንጂ በማስመሪያ የተሰመረ አይመስልም። ዋጋው ከበዛብዎት ስንት ወር እንደፈጀ ይጠይቁ። የሸመነችውን ሴት ስምና መንደር የሚነግርዎት ሻጭ ካገኙ ደግሞ ከእሱ ይግዙ።